ውርጭና ፀሐይ የሚፈራረቁበት ፊት፦ የቤተ ልሔምና የአካባቢው ደጋ የቆዳ አያያዝ ሲዳሰስ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደገኛ ፊቱ የሚሰነጣጠቀው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ብርዱ አጥንት ድረስ ቢዘልቅም አየሩ እርጥብ ነው፤ ጉሙና ካፊያው ፊትን ያለሰልሳል፣ ደመናውም ፀሐይዋን ይጋርዳል። መስከረም አልቆ ሰማዩ ሲጠራ ነገሩ ይለወጣል። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ትከርራለች፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልበት ወር ሲገባ የልጆች ጉንጭ ይሻክራል፣ ከንፈር ይደርቃል፣ የትልልቁም ሰው ፊት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ እንዲሁ ነው።

ስለ ፊት አያያዝ በሬዲዮም በስልክም የሚደርሰን ምክር ግን አብዛኛው የአውሮፓንና የአሜሪካን በረዷማ ወራት አስቦ የተዘጋጀ ነው። በታኅሣሥ ለንደን ላይ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ ከ15 ዲግሪ ብዙም ከፍ አትልም። ጋይንት ላይ በዚያው ቀን 55 ዲግሪ ያህል ትወጣለች። እዚያ ሰው ስለ ብርድ ሲያስብ ፀሐይን ቢረሳ አይፈረድበትም። እዚህ ግን ጠዋት ውርጭ የመታው ጉንጭ ቀትር ላይ በፀሐይ ይለበለባል። ስለዚህ የደጋው ፊት ከድርቀትም ከፀሐይም የሚጠብቀው ነገር ያስፈልገዋል። ይህ ነገር ርካሽ ነው፤ በየቤቱም አለ። ፊትን አስውባለሁ ተብሎ በውድ ከሚሸጠው ውስጥ ደግሞ ቀላል የማይባለው ፊት የሚያጠፋ ነው። ይህን ለማሳየት ብዙ ነገር መነካካት ግድ ይላል።

ከአየሩ እንነሣ። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። በስማዳና በታች ጋይንት በኩል መሬቱ ወደ በሽሎ ሸለቆ እየወረደ ቆላ ይሆናል፤ የዚያ ሰው ችግሩ ላብና ሙቀት ነው። ደጋው ላይ ግን ቀዝቃዛው አየር ብዙ ውሃ መሸከም አይችልም። 0 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 5 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል፤ 20 ዲግሪ ላይ ያለው ከ17 ግራም በላይ ይይዛል። ሌሊት ውርጭ ያወረደው አየር ረፋድ ላይ ሞቆ 20 ዲግሪ ሲደርስ በውስጡ ያለው ውሃ ያው 5 ግራም ነው። የጎደለውን ካገኘበት ይስባል፤ ከአፈሩም፣ ከቅጠሉም፣ ከሰው ፊትም። ነፋሱ ሲታከልበት መድረቁ ይፋጠናል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለቀዘቀዘ ሙቀቱ አይሰማንም፤ ጨረሩ ግን ሥራውን ይሠራል።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የደረቁ ሕዋሳት ድርድር ነው። በመካከላቸው የገባው ስብ፣ ማለትም ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች፣ የካብ ድንጋይን ጭቃ እንደሚያያይዘው ያያይዛቸዋል። ይህ ስብ ሲሳሳ ውሃው በስንጥቁ ይወጣል፣ የሚያስቆጣው ነገር ደግሞ በዚያው ይገባል። ያኔ ነው ፊት የሚያሳክከው፣ የሚቆጠቁጠው፣ የሚላጠው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ድርቀቱ ቶሎ ይታያል፤ «ወዙ ጠፋ» የምንለው ይኸው ነው። የከፋው ግን የሚቀጥለው ነው። የተቆጣ ጠይም ቆዳ ሲድን ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል፣ ምልክቱም ለወራት ይቆያል። ሰዎች ወደ ማንጫ ክሬም የሚሮጡት ብዙ ጊዜ ይህን ምልክት ለማጥፋት ነው፤ እዚያ ላይ እመለስበታለሁ።

ይህ ሁሉ በማን ፊት ላይ ይበረታል ቢባል፣ ቤተ ልሔም ላይ መልሱ ቅርብ ነው። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚገኝባት ታላቅ ጉባኤ ናት። ዝማሬ መዋሥዕትን ዙር አምባ ላይ እንደሚያስመሰክሩት ሁሉ፣ የቅዱስ ያሬድን ድጓ አስመስክሮ መምህር ለመባል ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ ወደዚህ ይወጣል። የቆሎ ተማሪ ሕይወት ደግሞ ፊትን ለብርድ የሚሰጥ ሕይወት ነው። ሌሊት ተነሥቶ ቀለሙን ይከልሳል፤ ጎሕ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል፤ ቀን ቁራሽ ፍለጋ በየመንደሩ ይዞራል፤ ማታ ጭስ በሞላበት ጎጆ እሳት ዳር ይቀመጣል። ደበሎው ትከሻውንና ጀርባውን ያሞቅለታል፤ ፊቱን ግን አይሸፍንለትም።

የአንዱን ሕፃን ተማሪ ፊት በቅርብ ብታዩት ታሪኩን ይነግራችኋል። ጉንጩ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች መረብ ሠርተዋል። ከአፍንጫው ሥር እስከ ላይኛው ከንፈሩ ያለው ቆዳ በእጅጌ ተጠርጎ ተጠርጎ ተልጧል። ከንፈሩ ሲደርቅበት በምላሱ ያርሰዋል፤ ምራቁ ሲተን ከፊተኛው የበለጠ ይደርቃል፤ እንደገና ያርሰዋል። ከጊዜ በኋላ በአፉ ዙሪያ ጠቆር ያለ፣ የሻከረ ቀለበት ይቀራል። ዜማ የሚማር ልጅ አፉን ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ የከንፈሩ ጥግ በየቃሉ ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ማታ ከመተኛቱ በፊት ከንፈሩና ጉንጩ ላይ የምትቀባ ጥቂት ቅባት ትልቅ እረፍት ናት። ለጉባኤ ቤት እህልና ልብስ የሚልኩ ምእመናን ከጋቢው ጋር ጥቂት ቫዝሊን ቢጨምሩ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ቢያዩት ደስ ባለኝ።

አሁን በዚህ አካባቢ ከፊት መታጠብ ጋር ተያይዞ ወደሚነሣው ከባድ ጥያቄ እንምጣ። የአማራ ክልል፣ በውስጡም ደቡብ ጎንደር፣ ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ሕመሙን የሚያመጣው ተሕዋሲ ከዓይንና ከአፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ሲደጋገም የዓይን ቆቡን ወደ ውስጥ ቀልብሶ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፈተገ ያሳውራል። መከላከያው አራት ነገሮችን ያቀፈ ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ጽዳት። በክልሉ ይህን ሥራ የካርተር ማዕከል ለብዙ ዓመታት ሲደግፍ ቆይቷል። እዚህ ላይ ነው ሁለት ምክሮች የሚጋጩ የሚመስሉት። የቆዳ ሐኪም «በብርድ ወራት ፊታችሁን መታጠብ አታብዙ፣ ሳሙና ቀንሱ» ይላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ «የልጆቻችሁን ፊት በየቀኑ እጠቡ» ትላለች። እናት በመሃል ናት። በውርጭ ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ ጉንጭ ከሰዓት በኋላ ሲሰነጠቅና ልጇ ሲያለቅስ ታያለች፤ በማግሥቱ «ብርዱ ይለፍ» ብላ ብትተወው ከፍቅር ነው።

በእኔ አስተያየት ለዓይን የሚነገረው ምክር ይቀድማል፤ የሚያይ ዓይን ከለሰለሰ ፊት ይበልጣል። በዋግ ኽምራ ለሦስት ዓመት የተካሄደ ጥናት ውሃ፣ ሳሙናና የንጽሕና ትምህርት ማቅረብ ብቻውን የዓይን ተሕዋሲውን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ይህ ግን ንጽሕና ያለ መድኃኒቱና ያለ አካባቢ ጽዳቱ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያስረዳ ነው እንጂ ፊት አትጠቡ ማለት አይደለም። ለቆዳው ያለው መፍትሔ ደግሞ መታጠቡን ሳያስቀር ይሠራል። ውሃው ለብ ይበል፤ ፀሐይ ላይ ለጥቂት ጊዜ የቆየ ጀሪካን ይበቃል። ዓይንና አፍንጫ አካባቢ ያለውን ቆሻሻ ለማስለቀቅ ብዙ ጊዜ ውሃ ብቻውን ይችላል። ፊቱ ሳይፈተግ በንጹሕ ጨርቅ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በተለየ ጨርቅ፣ መታ መታ ተደርጎ ይደርቃል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና ርጥበት ሳለው፣ ቅባት ይቀባል። ይህች የመጨረሻዋ እርምጃ በፊት ንጽሕና ትምህርት ውስጥ ብትገባ፣ እናቶች «ልጄን ያደርቅብኛል» ብለው የሚተዉበት ምክንያት ይጠፋ ነበር።

ርጥበቱ ሳለ የሚባለው ለምንድን ነው? ቅባት ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ይከድናል። ደረቅ ፊት ላይ የተቀባ ቫዝሊን ድርቀቱን ነው የሚከድነው። ቫዝሊንን ሮበርት ቺዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት አውጥቶለታል፤ ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ክሬም ቢፈበረክም ውሃን ቆዳ ውስጥ አግዶ በማስቀረት የሚበልጠው የለም። ሽታ የሌለው ተራው ቫዝሊን አለርጂም ብዙ አያስነሣም። ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ውሃ ይስባል። በደረቅ አየር ብቻውንና ሳይበረዝ ከተቀባ የሚስበው ከራሱ ከቆዳው ሥር ነው፤ ስለዚህ በውሃ በርዞ መቀባትና ከላዩ ቫዝሊን ማስከተል ይሻላል። ብዙ ሰው «ግሊሰሪን ፊቴን አደረቀው» የሚለው ይህን ሳያውቅ ነው።

ቅቤስ? የደጋ ሴት ለጋ ቅቤን በመዳፏ ላይ ፈትጋ አቅልጣ የሕፃኑን ግንባር፣ ጉንጭና አፍንጫ ስትቀባ ማየት የተለመደ ነው፤ እናቶቻችን ለትውልድ ያቆዩት ጥበብ ነው፣ መሠረቱም ልክ ነው። ቅቤ ስብ ነው፤ ውሃን ይከድናል። ይሁንና ጨው የገባበት፣ በቅመም የተነጠረ ወይም የቆየና የሻገተ ቅቤ የቆሰለ ቆዳን ያስቆጣል፣ ዝንብም ይጠራል፤ ትራኮማ ባለበት አገር ዝንብ የሚጠራ ነገር በሕፃን ዓይን ዙሪያ መቀባት አይገባም። ለጥምቀት ራሳቸውን ቅቤ የሚቀቡ ወጣቶችም ቅቤው በግንባር ላይ ሲወርድ ብጉር እንደሚያወጣባቸው ያውቁታል፤ የቅባት ብጉር የሚባል የታወቀ ነገር አለ። ብጉር የሚበዛበት ፊት ከቅቤም ከወፍራም ቫዝሊንም ይልቅ ቀለል ያለ ማለስለሻ ይስማማዋል።

የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ሲዘልቅ ውርጩ ከሚበረታበት ወቅት ጋር ይገጥማል። ቅቤው ከጓዳ ሲርቅ ዘይቱ ይገባል፦ ኑግ፣ ሱፍ፣ ተልባ። ስለ ዘይት የተደረጉ ምርምሮች እንግዳ ነገር ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የእንግሊዝ ሼፊልድ ተመራማሪዎች ጥናት የወይራ ዘይት የቆዳን ሽፋን ሲያሳሳ የፈረንጅ ሱፍ ዘይት ግን ሽፋኑን እንደጠበቀ አገኘ። ባንግላዴሽ፣ ዳካ ውስጥ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በፈረንጅ ሱፍ ዘይት የቀባ ሌላ ጥናት በሆስፒታል ውስጥ የሚይዛቸው ኢንፌክሽን መቀነሱን አሳይቷል። ልዩነቱ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የስብ አሲድ ነው፤ ቆዳ ራሱን ለመጠገን ይጠቀምበታል፣ የወይራ ዘይት ውስጥ ግን ጥቂት ነው። የእኛ ኑግና ሱፍ በዚህ አሲድ ከበለጸጉት ወገን ናቸው። «ወይራ ቅዱስ ነው» ብሎ በውድ ገዝቶ የሕፃን ፊት ከመቀባት፣ በንጽሕና የተጨመቀ፣ ያልተቃጠለ የሱፍ ዘይት ጠብታ ይሻላል። የጎመን ዘር ዘይት ለምጣድ ማሰሻ ይሁን፤ የሰናፍጭ ወገን ነው፣ የሰናፍጭ ዘይት ደግሞ የቆዳን መጠገን እንደሚያዘገይ ታይቷል።

ሳሙናን በአጭሩ፦ ጤነኛ ቆዳ አሲድነት አለው፣ ፒኤች 5 አካባቢ ነው፤ ተራው የገላ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፣ የልብስ ሳሙና ደግሞ ይበልጥ ይበረታል። እንዶድ ለጋቢና ለነጠላ ግሩም ነው፤ ፊት ላይ ግን ዓይን ያቃጥላል። ትልቅ ሰው ፊቱን በቀን አንዴ፣ ማታ፣ በሳሙና ቢታጠብ ለብርዱ ወራት በቂው ነው። እሳት ዳር መቀመጥም ጉንጭን ያደርቃል፤ ጭሱ ዓይንን ያቃጥላል። ራቅ ብሎ መሞቅ ይሻላል።

ወደ ፀሐይዋ ስንመጣ ባህላችን ከፋርማሲው ቀድሞ መልስ ሰጥቷል። ጋቢውን እስከ አፍንጫ ስቦ የሚሄድ ገበሬ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ገበያ የምትወርድ እናት፣ ጥላ ይዞ የሚሄድ ቄስ ከሚያቃጥለውም ከሚያደርቀውም በአንድ ጊዜ ይጠበቃሉ። ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ለእረኛም ለተማሪም ጥሩ ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከተገኘ መልካም፤ በተለይ ማድያት ላለባቸው ሴቶች፣ ምክንያቱም ከፀሐይ ሳይጠበቁ የሚቀቡት መድኃኒት ማድያትን አያጠፋውም፤ ቢጠፋም ፀሐዩ ከቀጠለ ይመለሳል። አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ግን ጉዳዩ የውበት አይደለም። ያለ ባርኔጣ፣ ያለ ረጅም እጅጌና ያለ ክሬም በዚህ ከፍታ መዋል በወጣትነት የቆዳ ካንሰር ያመጣባቸዋል። ክሬሙ ለእነሱ መድኃኒት ስለሆነ እንደ መድኃኒት ሊቀርብላቸው ይገባል።

ምችንም እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው በማግሥቱ ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ሲያወጣ «ምች መታው» ይባላል፤ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ይቀባዋል። ዘመናዊው ሕክምና የከንፈሩን ቁስል በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ እንደሚያመጣው ይናገራል። ሆኖም ቫይረሱን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኞቹ ፀሐይ፣ ትኩሳትና ብርድ ናቸው፤ አባቶቻችን ፀሐይን መጠርጠራቸው ስህተት አልነበረም። በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር የሚመታው ሰው ከንፈሩን ከፀሐይ ቢከልል መመላለሱ ይቀንስለታል። እብጠቱ ሳለ ግን ሕፃን መሳም አይገባም፤ ለአራስ ልጅ አደገኛ ነው።

ማንጫ ክሬም ላይ እመለስበታለሁ ብያለሁ። በየገበያው ከሳሙናና ከመስተዋት ጎን የሚደረደሩት ትንንሽ ቱቦዎች ውስጥ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ያለባቸው አሉ። እነዚህ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ናቸው፤ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀናት፣ ብዙ ጊዜም ከፊት ውጪ ላለ አካል የሚታዘዙ። ፊት ላይ ሲቀቡ መጀመሪያ ድርቀቱንም ማሳከኩንም ያጠፋሉ፤ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ይነጣል። የተቀባችው ሴት ትደሰታለች፤ ጎረቤቷም ትጠይቃትና ትገዛለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ለማቆም ሲሞከር ፊት በእሳት እንደተጠበሰ ይቀላል፣ ስለዚህ እንደገና ይቀባል። በደጋ ፀሐይ ሥር የሳሳ ቆዳ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው። ሌሎቹ ማንጫዎች ደግሞ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የሚናማታ ስምምነት ከ1 ሚሊዮን እጅ ከ1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት የውበት ቅባት እንዳይመረት፣ እንዳይገባና እንዳይወጣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል፤ ንግዱ ግን አልቆመም። ስሙ፣ የተሠራበት አገርና በውስጡ ያለው ያልተጻፈበትን ቱቦ ፊት ላይ መቀባት አይገባም። እነዚህን ሲቀባ የቆየ ሰው በአንዴ ከማቋረጥ ይልቅ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ቀስ በቀስ ቢተው ስቃዩ ይቀልለታል።

 

በመጨረሻ፣ ብርድ ያላመጣውን ብርድ ላይ ማላከክ በዚህ አካባቢ ዋጋ ያስከፍላል። የልጅ ጉንጭ ላይ ነጣ ያሉና በስሱ የሚፈረፈሩ ምልክቶች ብዙ ጊዜ የደረቅ ቆዳ ናቸው፣ በቅባት ይሻላሉ፤ «ቋቁቻ ነው» ተብሎ የፈንገስ መድኃኒት መግዛት አያስፈልግም። በአፍንጫ ግራና ቀኝ የሚፈረፈረው ቅባታማ ቅርፊት ፎረፎር ካለበት ራስ ጋር የሚሄድ ነው፣ የራሱ መድኃኒት አለው። ነጣ ብሎ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ግን ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ ቶሎ ከተጀመረም ያድናል።

ቁንጭር የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። በደጋና በወይና ደጋ፣ ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደሎችና ዋሻዎች አቅራቢያ፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ከሽኮኮ ወደ ሰው ታስተላልፈዋለች፤ በአገራችን በብዛት የሚያመጣው ተሕዋሲ ሊሽማኒያ ኤቲዮፒካ ይባላል። ጉንጭ፣ አፍንጫ ወይም ከንፈር ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ ይጀምራል፣ እየሰፋ ይሄዳል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ ብዙም አያምም። ባለማመሙ ምክንያት ወላጅ «ብርድ ነው፣ ፀደይ ሲመጣ ይለቃል» ብሎ ወራት ያሳልፋል። ቁስሉ ከዓመት በላይ ሊቆይ፣ አፍንጫን ሊያበላሽና ዕድሜ ልክ የማይጠፋ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ቅባት እየተቀባ ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ የፊት ቁስል ያለበት ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዶ ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ይወሰድለት፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው እንደሆነ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማኒያ ማዕከል፣ በወሎ በኩል ደግሞ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ በሽታውን የሚያውቁ ሐኪሞች አሉ።